አለች

ስድስት ቀን መሪ ጨብጬ፣ በሰባተኛው ጠመኔ፤
ሙሐረቅ፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣ ጠባቧ ክፍል ናት የኔ።
ሴቶቹ በዕረፍት ቀናቸው ዐሥራ አንድ ሆነው ይመጣሉ፣
የሳሙናው ሽታ ከጣታቸው ሳይለቅ ደብተር ይገልጣሉ።
ማቀዝቀዣው ያንጠባጥባል፣ ባልዲ አስቀምጠንለታል፤
ከታች የስፌት መኪናው ወለሉን ያንዘፈዝፈዋል።

ትብለጥ ከፊት ትቀመጣለች፣ ግን አንድ ቃል አትጽፍም፤
ጦይባ ከኋላ ጥግ ናት፣ ስጠራት ቀና አትልም።
በመዝገቤ ጠርዝ ጻፍኩ፦ «አንዷ ሰነፍ፣ አንዷ ኩሩ»፤
እስከ ዛሬ አልሰረዝኩትም፤ ፊደሎቹ ይመስክሩ።

በሦስተኛው ዓርብ ትብለጥ፣ ሁሉ ሲወጣ ቀረችና፣
«ጋሼ፣ ሰሌዳህ ጉም ነው፤ ዓይኔን በልቶታል በረኪና።
ከመደርደሪያው ሳወርደው፣ ክዳኑ ላልቶ ኖሯልና።»
የጦይባንም እሷው ነገረችኝ፦ «ጆሮዋ ከልጅነት አይሰማም፤
ከንፈር ነው የምታነበው፤ አንተ ግን ፊት አትሰጣትም።»

እውነት ነው። እየጻፍኩ ነበር የማስተምረው፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፤
ለአንዷ ጉም ለአንዷ ግድግዳ፣ አንድ ሰሌዳ አበጅቼ።

ከሚስማሩ ነቀልኩት፤ አጋደምኩት በሁለት ጣሳ ቀለም፤
ዙሪያውን ተቀመጥን፤ ከዚያ ወዲህ ፊትና ኋላ የለም።
ለጦይባ፣ ጥቂት ማንበብ ለምታውቀው፣ የምለውን ስልኬ ይጽፋል፤
አንዳንዴ «ሰኞ» ስል «ሰኔ» ይላል፤ ትስቃለች፣ ያልፋል።
ለትብለጥ፣ ከጀልባ ጠጋኙ ትርፍራፊ ሲባጎ ለመንኩ፣
ፊደሉን ከነቅጥያው በካርቶን ላይ ለጠፍኩ።
በጣቷ ዳሰሰች የ«ሁ»ን ወገብ፣ የ«ሂ»ን እግር፤
«ቀ»ን ስታገኝ፣ «በዚች አንድ እግርህ ስንት ዞርክ አገር?»

ፈተናውም እንደየሰዉ፤ ያሻት ትጽፋለች፣ ያሻት ታወራለች፤
ሸምሲያ ዕረፍት በተነፈገችበት ዓርብ ከኩሽና ድምፅ ትልካለች።
ሳህኑ ከመልሷ ጋር ይጋጫል፤ ከዐሥር ዘጠኝ ሰጠኋት፣
«አንዷን የበላት ሳህኑ ነው» ብዬ መልሼ አሳቅኋት።

ለትብለጥ የሚያነብ ስልክ ገዛን፤ አሮጌ ነው፣ መስታወቱ ተሰንጥቋል፤
«እኔን ምን ቸገረኝ» አለች፣ «ድምፁ መች ተሰንጥቋል?»
ግን ማጥበቅ አያውቅም ስልኩ፤ ፊደሉም ራሱ አይናገርም፤
«ይመታል» ይላል፤ መቺው ይሁን ተመቺው አይለይም፤
«ገና»ን ሁልጊዜ በዓል ያደርገዋል፣
ገና ያልደረሰ ነገር እንዳለ አይገባውም።
ትብለጥ ራሷን ነቀነቀች፣ እንደ ሕፃን ገሠጸችው፦
«አጥብቅ! የላላ ምን እንደሚያመጣ ዓይኔን ጠይቀው!»

ያን ቀን ንባብ ያስተማረች እሷ ናት፤ እኔ ሻይ ቀዳሁ።
ጦይባ ጣቷን በትብለጥ ጉሮሮ ላይ አሳረፈች፤
ቃል ሲጠብቅ፣ ንዝረቱን በጣቷ ጫፍ ስትይዘው፣
አየሁ።

ይህችን ደሴት ዐረቦቹ «ሁለት ባሕር» ብለው ሰየሟት፤
ጨውም ጣፋጭም ውሃ በአንድ ስም ውስጥ አስታቀፏት።
መኪና ውስጥ ስጠብቅ አስባለሁ፣ ጌታዬ ገበያ ገብቶ፣
አንድ ቃል ሁለት ሲሆን፣ የቱ ጠብቆ፣ የቱ ላልቶ።

ዛሬ መዝገቡን ስልኩ ይጠራል። «ሸምሲያ የለችም» ይላል፤
«ትብለጥ አለች» ሲል ግን ያላላዋል፣
እንደ ተናገረች እንጂ እንደ ተገኘች አይደለም።
ላርመው እጄን ስሰድ፣ «ተወው ጋሼ፣ አልተሳሳተም፤
ስናገር አይደል የተገኘሁት?»
አለች።

ቀጥሎ የጦይባ ስም በስንጥቁ መስታወት ላይ ተገለጠ፤
በመዳፏ ሰሌዳውን ሁለቴ መታች፤
የሁላችን ሻይ ተንቀጠቀጠ።